የዓሣ ጫጩት ምን ይበላል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ይህ ቪዲዮ ቤታቸው በአኳሪየም ዓሣ ለሚያረቡ ነው። ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ የሚያጋጥመው ችግር ተመሳሳይ ነው። ዓሣዋ እንቁላል ጣለች፤ ተፈለፈለ፤ ደስ አለን። ሳምንት ሳይሞላ ግን ጫጩቶቹ አለቁ።

ብዙ ጊዜ የሚጨርሳቸው ረሃብ ነው። ያውም ምግብ እየተሰጣቸው! የትልልቆቹን ደረቅ ምግብ አድቅቀን እንበትናለን። ለእኛ ዱቄት ነው፤ ለጫጩቷ አፍ ግን ያ ዱቄት ራሱ ትልቅ ነው። ደግሞም ብዙ ጫጩቶች የሚጎርሱት ሲንቀሳቀስ ያዩትን ነው። የተረፈው ታች ወርዶ ይበሰብስና ውሃውን ያበላሻል።

[ምስል፦ የጣና ዳርቻ]

ጣናን ተመልከቱ። እዚያ የሚፈለፈሉትን ጫጩቶች ማንም ዱቄት አይበትንላቸውም። ውሃው ራሱ በጥቃቅን ሕይወት የተሞላ ነው። እንዲያውም ካደገ በኋላም ዋና ምግቡ እነዚህ ጥቃቅን እንስሳት የሆኑ ትንሽ ዓሣ ጣና ውስጥ አለ። ሳይንሳዊ ስሙም ከሐይቁ የተወሰደ ነው፤ ባርበስ ታናፔላጂየስ ይባላል።

ስለዚህ እኛም ሕይወት ያለው ምግብ እናዘጋጃለን። መቼ? እንቁላሉ ከመፈልፈሉ በፊት። ጫጩቶቹን ካየን በኋላ ብንጀምር ምግቡ አይደርስላቸውም።

[ምስል፦ ሆዷ ላይ ከረጢት ያላት ጫጩት በቅርበት]

ይህች ከረጢት አስኳል ናት። ጫጩቷ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት የምትኖረው በእሷ ነው። እስክትጨርስና ቀጥ ብላ መዋኘት እስክትጀምር ምንም አትስጧት።

ጋፒና ሞሊ ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ጫጩት ስለሚወልዱና ልጆቻቸውም ተለቅ ስለሚሉ ከመጀመሪያው ቀን አርቴሚያ፣ ማለትም በጨው ውሃ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ እንስሳ፣ ይበላሉ። ቤታና ጎራሚ ግን ሲፈለፈሉ በጣም ደቃቅ ናቸው። ለእነሱ መጀመሪያ ኢንፉሶሪያ ያስፈልጋል። ኢንፉሶሪያ ማለት ውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ፍጥረታት ናቸው።

[ምስል፦ የመስታወት ማሰሮ፣ ጭድ፣ ውሃ]

አሠራሩ ወጪ የለውም። ጎጃም ውስጥ ጭድ የት ይጠፋል? ትንሽ ጭድ ቀቅላችሁ ከነውሃው አቀዝቅዙት። ማሰሮ ውስጥ ጨምሩትና ከቆየ አኳሪየም የተቀዳ አንድ ብርጭቆ ውሃ አክሉበት። ዘሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የቧንቧ ውሃ የምትጨምሩ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ቀድማችሁ አንድ ቀን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። አደራ፣ ጭዱ ፀረ አረም ከተረጨበት ማሳ የመጣ እንዳይሆን! ካልተማመናችሁበት የጎመን ቅጠል ተጠቀሙ።

መጀመሪያ ይደፈርሳል፤ ይሸታልም። ባክቴሪያው ተራብቶ ነው። አትድፉት። ጥቂት ቀን ቆይቶ ጠራ ማለት ይጀምራል፤ ኢንፉሶሪያው ባክቴሪያውን እየበላው ነው ማለት ነው። ማሰሮውን ወደ ብርሃን ስታነሱት የሚርመሰመስ ነጭ ብናኝ ካያችሁ ደርሷል። መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ እየቀዳችሁ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጡ። ክርፋቱ ካልለቀቀው ግን ድፉትና እንደገና ጀምሩ። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ አዲስ ማሰሮ ብትጥዱ ምግብ አይቋረጥባችሁም።

[ምስል፦ አየር የሚነፋበት የፕላስቲክ ጠርሙስ]

ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው አርቴሚያ ይጀምራሉ። እንቁላሉ ደረቅ ሆኖ ነው የሚሸጠው። በአንድ ሊትር ውሃ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው አሟሙበት፤ እንቁላሉን ጨምሩና በአየር ፓምፕ ሳታቋርጡ አንቀሳቅሱት። ሙቀቱ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ከሆነ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይፈለፈላል። ባሕር ዳር ያላችሁ ብዙም አትቸገሩም። እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ግን ብርዱ ያዘገየዋል፤ ማሞቂያ ያስፈልጋችኋል።

ሲፈለፈል አየሩን አጥፉ። ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ከታች በኩል መብራት ብታበሩ ብርቱካናማዎቹ አርቴሚያዎች ወደዚያ ይሰበሰባሉ። ቀድታችሁ በቀጭን ጨርቅ አጥልሉ፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡና ወዲያው ስጡ። በውስጣቸው ያለውን ስንቅ በሰዓታት ውስጥ ስለሚጨርሱ የዋለ አርቴሚያ ጉልበቱ ያነሰ ነው። ጫጩቶቹ መብላታቸውን ለማወቅ ሆዳቸውን እዩ፤ ብርቱካናማ ሆኖ ያብጣል።

ዳፍኒያ፣ ማለትም የውሃ ቁንጫ፣ ለትንሽ ከፍ ላሉት ግሩም ነው። ግን ከጣና ዳር ልቅዳ ብላችሁ በባዶ እግር ውሃው ውስጥ አትግቡ። ቢልሃርዚያ አለ። ከኩሬ የተቀዳ ውሃም የውኃ ተርብ እጭ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ጫጩቶቹን ራሳቸውን ይበላል። እኔ የምመክረው ቤት ውስጥ የተራባውን ነው።

አርቴሚያውን ሳታቋርጡ ቀስ በቀስ የደቀቀ ደረቅ ምግብ አለማምዷቸው። የተረፈውን በቀጭን ቱቦ ከታች እየሳባችሁ አውጡ፤ በምትኩ ሙቀቱ እኩል የሆነ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ።