«ሁለት ማይል ርዝመት ያለው ሥዕል»፦ ድምፅ አልባ ፊልም በቅኝ ግዛት ዘመን ቦምቤይ

(በምስል፦ የድሮ ጋዜጣ የማስታወቂያ ዓምድ፤ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ማስታወቂያ ይጠጋል)

ጁላይ 7 ቀን 1896 «ታይምስ ኦፍ ኢንዲያ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ የገለጠ የቦምቤይ (የዛሬዋ የሕንድ ከተማ ሙምባይ) ነዋሪ ያልተለመደ ማስታወቂያ አነበበ። ዓመታቱን በሙሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «የዘመኑ ድንቅ! የዓለም ተአምር!» ይላል። ቦታው ዋትሰን ሆቴል፣ መግቢያው አንድ ሩፒ።

የሚታየው ስድስት አጫጭር ፊልም ነው። ይዞት የመጣው የፈረንሳዮቹ የሉሚየር ወንድማማቾች ወኪል ማሪዩስ ሴስቲየ ሲሆን፣ ወደ አውስትራሊያ ሲያቀና ነበር ቦምቤይ ላይ የወረደው። ባቡር ጣቢያ ሲገባ፣ ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ ሰዎች ባሕር ውስጥ ሲዋኙ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ታሪክ የለውም፤ ተዋናይም የለውም። ማስታወቂያውን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ገበያ የወጣው ማሽኑ ራሱ እንደሆነ ይገባዋል። ሥዕል መንቀሳቀሱ ብቻ ለአንድ ምሽት ይበቃል ተብሎ ታስቧል።

ይበቃል የተባለው ግን ለማን ነው? አንድ ሩፒ 16 አና ነው። በጥጥ ፋብሪካ ለሚሠራ ወዛደር በወር ከሚያገኛት ጥቂት ሩፒ ላይ አንዷን ለባቡር ሥዕል ማውጣት የሚታሰብ አልነበረም። ማስታወቂያው የወጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ትርዒቱም የታየው የአውሮፓ እንግዶች በሚያርፉበት ሆቴል ነው። የከተማው አብዛኛው ሕዝብ ከተጋበዙት መካከል አልነበረም።

በሳምንቱ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። ትርዒቱ ኖቨልቲ ወደተባለው ቲያትር ቤት ተዛወረ፤ ወሩ ሳያልቅም ዋጋው ከሁለት ሩፒ እስከ አራት አና ተዘረጋ። ከወንድ ዓይን ተሸሽገው ለሚኖሩ ሴቶችና ለቤተሰቦቻቸው የተለየ ሎጅ (የተከለለ መቀመጫ) ተዘጋጀ። የሙዚቃ ጓድም ተጨመረ። ስለ ቅኝ ግዛት ከተማ ማኅበራዊ ኑሮ ከብዙ ጥራዝ ይልቅ እንዲህ ያለ የቲኬት ዋጋ ዝርዝር ይነግረኛል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን እንደሚሸሸግ በሩፒና በአና ተጽፏል።

(በምስል፦ ባለ ጢሙ ፋልኬ የፊልም ጥቅል ይዞ)

አሁን 1913 ላይ እንድረስ። ዱንዲራጅ ጎቪንድ ፋልኬ የሕትመት ሥራ ያውቃል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ አስማት የሚመስል የእጅ ቅልጥፍናም ያሳያል። በአንድ የቦምቤይ ሲኒማ ቤት የክርስቶስን ሕይወት የሚያሳይ ፊልም ሲመለከት፣ የእኛ አማልክት ክሪሽናና ራማስ መቼ ነው እዚህ ሸራ ላይ የሚታዩት ብሎ ተንገበገበ። ለንደን ሄዶ ካሜራ ገዛ፤ «ራጃ ሃሪሽቻንድራ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ቃሉን ላለማጠፍ መንግሥቱን፣ ሚስቱንና ልጁን ያጣ ንጉሥ ታሪክ ነው። ንግሥቲቱን ሆና የምትጫወት ሴት ስላልተገኘች፣ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረ ሳሉንኬ የሚባል ወጣት ሳሪ ለብሶ ተጫወተ።

ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው ሜይ 3 ቀን 1913 በኮሮኔሽን ሲኒማ ቤት ነው። ብቻውን ግን አልቀረበም። ዳንስ አለ፣ አጭር ቀልድ አለ፣ በእግሩ ዕቃ እየወረወረ የሚቀልብ አሌክሳንደር የተባለ ሰውም አለ። ባለ ሲኒማ ቤቱ ፊልሙን ብቻውን አላመነውም ማለት ነው። ፍርሃቱ ከንቱ ሆኖ፣ ፊልሙ 23 ቀን ታየ።

የምወደው ማስታወቂያ ግን የወጣው በዚያው በቦምቤይ ግዛት ሥር በነበረችው በሱራት ከተማ ነው። የሱራት ሰው በሁለት አና ስድስት ሰዓት የሚፈጅ የመድረክ ተውኔት ማየት ለምዷል። ሦስት አና ከፍሎ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ነገር ለምን ያያል? ፋልኬ ለዚህ ያገኘው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «57,000 ፎቶግራፎች ያሉበት ትርዒት! ሁለት ማይል ርዝመት ያለው ሥዕል! ይህ ሁሉ በሦስት አና ብቻ!»

(በምስል፦ ፊልም በሜትር ሲለካ፤ አኃዞቹ በጎን ይጻፋሉ)

እስኪ እናስላው። በአንድ ጫማ ርዝመት ፊልም ላይ 16 ፎቶዎች ያርፋሉ። 57,000ን ለ16 ብናካፍል 3,560 ጫማ ገደማ ይሆናል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይዘልም። ሁለት ማይል ደግሞ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ራሱን በራሱ ያጋልጣል። ለደንበኛው ግን ደንታ አልሰጠውም፤ ጨርቅ በክንድ እየለካ ለሚገዛ ሰው ፊልምም በርዝመት መሸጡ ደስ አሰኝቶታል። ሰዓቱን መጨመር ያልቻለ ነጋዴ ማይሉን ጨመረ።

በ1917 ፋልኬ «ላንካ ዳሃን»ን ሲያወጣ እንዲህ ያለ ዘዴ አላስፈለገውም። ራማ ሸራው ላይ ሲታይ ተመልካቹ ጫማውን አውልቆ ይሰግድ ነበር ይባላል። በመግቢያ የተሰበሰበው ሳንቲም በበሬ ጋሪ፣ በፖሊስ ታጅቦ እንደተጓጓዘም ይነገራል። እዚህ ፊልም ላይ ያ ሳሉንኬ ራማንም ሲታንም፣ ባልንም ሚስትንም ሆኖ ተጫውቷል። ማንም አልተከፋም።

ድምፅ አልባ ይባል እንጂ አዳራሹ ጸጥ ያለ አልነበረም። ከሸራው ግርጌ ሃርሞኒየምና ታብላ ይመታል። በትዕይንቶቹ መካከል የሚመጣው ጽሑፍ በሂንዲ፣ በጉጃራቲ፣ በኡርዱና በእንግሊዝኛ እየተደራረበ ይቀርባል፤ ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው ጎረቤቱ ጮክ ብሎ ያነባል። የሕንድ ፊልም እያየ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ጫጫታ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ቅኝ ገዢዎቹን እንግሊዞች ያሳሰባቸውም ይኸው ሕዝብ ነበር። በ1918 የሲኒማ ሕግ ወጣ፤ በ1920 በቦምቤይ፣ በካልካታ፣ በማድራስና በራንጉን የሳንሱር ቦርዶች ተቋቋሙ። በማግስቱ ዓመት ኮሂኑር ኩባንያ «ባክታ ቪዱር»ን አወጣ። ታሪኩ ማሃባራታ ከተባለው የሂንዱዎች ጥንታዊ የግጥም ታሪክ የተወሰደ ነው፤ የጥንቱ ጠቢብ ቪዱር ግን የነጻነት ታጋዩን የጋንዲን ቆብ ደፍቶና በእጅ የተፈተለ ጨርቅ ለብሶ ብቅ አለ። ተመልካቹ ማስረጃ አልጠየቀም፤ ሳንሱሩም እንደዚያው። ፊልሙ በካራቺና በማድራስ ታገደ።

መንግሥት በ1927 ደግሞ የሲኒማ አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ የማድራሱን ጠበቃ ራንጋቻሪያርን ሊቀ መንበር አድርጎ ሾመ። ቅሬታው ይህ ነበር፦ የአሜሪካ ፊልሞች ገበያውን ሞልተውታል፤ የነጭ ሴት ስትሳሳምና ስትጨፍር መታየቷም የገዢዎቹን ክብር ያወርዳል። ኮሚቴው 353 ሰዎችን ጠየቀ። ለእንግሊዝ ፊልም ልዩ መብት ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ ግን አልተቀበለም። መጠይቁ ከደረሳቸው አንዱ ጋንዲ ነበሩ፤ ሲኒማ ቤት ገብተው እንደማያውቁ፣ ጉዳቱ ግን ግልጽ እንደሆነ ጽፈው መለሱ። ቆባቸው ግን ቀድሟቸው ገብቷል።

(በምስል፦ ማጀስቲክ ሲኒማ ቤት ደጃፍ የተሰበሰበ ሕዝብ)

ማርች 14 ቀን 1931 የመጀመሪያው የሕንድ ተናጋሪ ፊልም «አላም አራ» በማጀስቲክ ሲኒማ ቤት ወጣ። ሰልፉን ለማስከበር ፖሊስ ተጠራ። አራት አና የሚሸጠውን ቲኬት በእጁ ያስገባ ሰው፣ ውጭ ላይ በአራትና በአምስት ሩፒ ይቸበችበው ነበር።