ግማሽ ላይ የቆመው ቀስት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ አባቴ መኪና ላወራችሁ ነው። በተለይ ስለ ነዳጅ ጌጇ፣ ቤንዚኑ ምን ያህል እንደቀረ በቀስት ስለሚያሳየው ዕቃ።

መኪናዋ አሮጌ ናት። ካርቡሬተር ያላት፣ መስኮቷ በእጅ የሚዞር የጃፓን መኪና። አባዬ ሲያርፍ ለእኔ ተረፈች። አባዬ ጌጁን አያይም ነበር። ከፀሐይ መከላከያው ጋር በላስቲክ ያሰራት ትንሽ ደብተር አለችው። ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን ይጽፍባታል። እኔ ደብተሯን ለማስታወሻ ብዬ ቤት አስቀመጥኳት። ገልጬ እንኳ አላየኋትም፤ የእጅ ጽሑፉን ለማየት ገና ነበርኩ።

ክረምት ላይ እማዬን ይዤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ወጣሁ። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስንሻገር ቀስቱ ግማሽ ላይ ነው። ሐሙሲትን ስናልፍም ግማሽ ላይ ነው። ወረታ ልንደርስ ስንል፣ የፎገራ ሩዝ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ሆኖ በተዘረጋበት፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨና ጠፋ። ቀስቱ አሁንም ግማሽ ላይ ነው። ዝናቡ ደግሞ እየመጣ ነው። እማዬ ምንም አላለችኝም። ዝም ብላ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ቤንዚን አልቆ ነበር፤ አንድ የባጃጅ ልጅ ቤንዚን እንድገዛ ወረታ ወስዶ መለሰኝ፤ እግዜር ይስጠው።

ስንመለስ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ቀስቱን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ጌጁ ተቃጥሏል፣ ዳሽቦርዱ ይፈታል፣ ሌላ ጌጅ ትገዛለህ» አለኝ። የነገረኝ ዋጋ ከባድ ነበር። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት አንድ የማውቃቸው አዛውንት የመኪና ኤሌትሪሻን ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ጌጁ ተቃጥሏል አሉኝ።»

«ልጄ፣ ጌጁን ማን ጠየቀው?»

ጋሼ ያሳዩኝን ልንገራችሁ፤ ለብዙ አሮጌ መኪና ይሠራል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀስት ታንከሩን አያየውም። ታንከሩ ውስጥ ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ክንዱ ሲንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው ይለወጣል፣ ቀስቱም ያንን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። የተበላሸው ተናጋሪው፣ ማለትም ታንከሩ ውስጥ ያለው ክፍል ነው፣ ወይስ ሰሚው፣ ማለትም ጌጁ?

ቁልፉን ዘግተው፣ ከታንከሩ የሚመጣውን ሽቦ ነቀሉት። ቁልፉን ሲከፍቱ ቀስቱ ወደ ባዶ ወረደ። ቁልፉን እንደገና ዘጉ። ሽቦውን ከታንከሩ አርቀው፣ በትንሽ የ3.4 ዋት አምፖል በኩል ከመኪናዋ ብረት ጋር አገናኙት። አምፖሉ ጌጁን ከጉዳት ለመጠበቅ ነው። ቁልፉን ከፈቱ። ትንሽ ቆየ። የድሮ ጌጅ ሙቀት ላይ ስለሚሠራ አይቸኩልም። ከዚያ ቀስቱ ቀስ እያለ ወደ ሙሉ ወጣ። ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው ማለት ነው። ልገዛው የነበረው ዕቃ ምንም አልሆነም!

የሙቀት ጌጁንም አዩት። በብዙ አሮጌ መኪና ሁለቱ ጌጆች አንድ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ይጋራሉ። ሁለቱም ባንዴ ከተዛቡ እሱን ነው መጠርጠር። የእኔዋ የሙቀት ጌጅ ግን ደህና ነበረች።

ተናጋሪውን ለማውጣት የባትሪውን ገመድ አላቀቁ። ሥራው ደጅ ነው፤ ነፋሱ ከጣና በኩል ይመጣል። ሲጋራ የያዘ ሰው ወደዚያ እንዳይጠጋ አደረጉ። አደራ፣ ይህን አትዝለሉት። የሚያቃጥለው የቤንዚን ትነቱ ነው፤ ባዶ የሚመስል ታንከር ብዙ ትነት ይይዛል።

ክፍሉ ሲወጣ መጀመሪያ ተንሳፋፊውን ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት። ቤንዚን አልገባበትም። ቀዳዳ ቢኖረው እንደ ራሰ ታንኳ ይሰጥም ነበር። የጣና ሰዎች የደንገል ታንኳቸውን ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት ለዚህ አይደል? የሰጠመ ተንሳፋፊ ታንከሩ ሙሉ ሆኖም ባዶ ነው ይላል። የእኔ ግን ተቃራኒው ነው፤ ባዶ ሆኖ ግማሽ ይላል። ክንዱን ሰጡኝና ከላይ ወደ ታች ቀስ ብዬ አወረድኩት። መሃል ላይ ሲደርስ ያዘኝ። እጄ ላይ ተሰማኝ። ማጠፊያው ዝጓል። መቋቋሚያውን በኦም የሚለካው ቴስተርም እዚያው ቆመ፤ በእንዲህ ዓይነት መኪና ታች ሲደርስ ከ100 ኦም በላይ ማሳየት ነበረበት።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አነሱ፣ የሚነካካውን ቦታ አጸዱ፣ ክፍሉ ታንከሩ ላይ የሚገጠምበትን የደረቀ ላስቲክ በአዲስ ቀየሩ። ከዚያ ቤንዚኑን አምስት አምስት ሊትር እየጨመርን ቀስቱ የት እንደሚቆም አየን። የሠሩበትን ስጠይቃቸው የጠሩልኝ ገንዘብ አሳፈረኝ። ጨምሬ ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ ቀስቱ ከግማሽ በታች ሲወርድ አየሁ። በዚያ ማታ ደብተሯን አወጣሁ። የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ፣ በአባዬ ደቃቅ ጽሑፍ፣ «ጌጁ ከግማሽ አይወርድም። በኪሎ ሜትር ቁጠር» ይላል።

ብዙ ቆየሁ። ከሥሩ «ተሠርቷል» ብዬ ጻፍኩና ደብተሯን ወደ ቦታዋ መለስኳት።