የጓሮ አትክልት ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን የፈቀደልንን ቀበሌ አመሰግናለሁ። ዝርዝር ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባል። ባጭሩ፣ ችግኝ አፍልተን አከፋፍለናል፤ ማሳያ ቦታችን ታጥሯል፤ ጤና አዳሙና በሶብላው ገበያ ወጥቶ ተሽጧል። ደስ ይላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልግባ። ዓመቱን ሙሉ «ባህላዊ ይሻላል፣ ዘመናዊ ይሻላል» ስንባባል ከረምን። ገሚሱ ዋንዛው ተቆርጦ፣ እንሰቱ ተነቅሎ ጥቅል ጎመን በመስመር ካልተተከለ አለ። ገሚሱ ደግሞ መሬቱ ላይ ኖራ ይበተን ሲባል ጆሮውን ደፈነ።

የጅማ ዝናብ ብዙ ነው። የአፈሩን ካልሲየም እያጠበ ይወስደዋል፣ መሬቱም አሲዳማ ይሆናል። ዩሪያ ብቻ በላይ በላዩ ሲበተን ይባስ ይላል። የሚያክመው ኖራ ነው። እናቶቻችን እንሰቱ ሥር የሚደፉት አመድም የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ፖታሲየም ይጨምራል እንጂ አይጎዳም። ታዲያ የተጣላነው በምኑ ነው? ብርብራም ከቡናው ጎን የቆመው ለጥላ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ጋር ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ይይዙለታል። ይህን ቆርጦ ዩሪያ መግዛት ምን የሚሉት ዘመናዊነት ነው?

የባህል ወገኖቼም አትሳቁ! በማሳያ ቦታችን የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ፣ ሳይጸዳ ጤነኛው ላይ አረፈ። የመሃሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተጎነበሰ። ስንቆርጠው ቢጫ ፈሳሽ አወጣ። አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የግብርና ምርምር ማዕከሉ እንደሆነ እዚሁ መልኮ ነው፤ ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው። በየስብሰባው ጠረጴዛ ሲደበድቡ የነበሩት፣ ከሁለቱም ወገን፣ ዛሬ የሉም። ቅዳሜ ለአረም የሚወጡት ያው የምናውቃቸው እናቶች ናቸው። እግዜር ይስጥልን፣ ወገባችሁ አይጥፋ። እናንተ ደግሞ በቴሌግራም ረጅም ድምፅ የምትልኩ ወንድሞቼ፣ ወሬው ማምሻውን እንደሚደርሳችሁ አውቃለሁ። አልተቀየምኳችሁም። ተናድጃለሁ ግን። ድምፁን ቀንሱና ዶማ ይዛችሁ ኑ።

ለጋራ ቦታው ኖራ መግዣ ካዝናችን አይበቃም፤ የብዙ ሰው መዋጮም ውዝፍ ነው። ከቡናው በኋላ ሁለት መዝገብ በሩ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ የመዋጮ፣ አንዱ የአረም ተራ። ጎረቤቱ ያልመጣ ደውሎ ይጥራው። ጉባኤው ተከፍቷል።