ድፍድፉ ሲፈላ አትደንግጡ፦ የቡድን ሕክምና ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ስንብት

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቼ። እንደተለመደው የማናግራችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፤ በመካከሉ የፉጨት ድምፅ ብትሰሙ ነፋሱ ነው። መስኮቱን በሚገባ ዘግቼዋለሁ፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ ግን መስኮት የሚያከብር አይደለም።

የዛሬው ጉዳያችን የቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ለሕክምና የተሰበሰቡ ሰዎች ሳምንት በሳምንት ሲገናኙ ቡድኑ ራሱ የሚያልፍበት ለውጥ ነው። ስለ እያንዳንዱ ሰው ሕመም ሳይሆን ስለ ቡድኑ ነው የምንነጋገረው። የቡድን ሕክምና ምን እንደሆነ ባለፈው ቪዲዮ በሰፊው ስላየነው አልደግመውም፤ ሰባት ስምንት ሰው፣ አንድ ወይም ሁለት መሪ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፤ ይኸው ነው። ያላያችሁት ተመልሳችሁ እዩት፤ በዚያውም ሰብስክራይብ ማድረግን አትርሱ። ይህንን በየጊዜው መለመን ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ሥራው እንዲህ ሆኗል።

እንግዲህ አንድ ቡድን በዓይነ ኅሊናችን እናቋቁም። በአንድ የጤና ተቋም ክፍል ውስጥ ስምንት ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል እንበል፤ ሁሉም በድብርት የተጎዱ ናቸው። ከመንዝ የመጡ አንድ አዛውንት አሉ፤ ከአንኮበር የመጣች መምህርት አለች፤ ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት አለ፤ ባለቤቷ የሞተባት ባለሱቅ አለች። መሪዋ «ማን ይጀምር?» ብላ ስትጠይቅ ወጣቱ «ጋሼ ይቅደሙ» ይላል፤ አዛውንቱም «የለም፣ እናንተ ጀምሩ፤ እኔ እሰማለሁ» ብለው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። በመጨረሻ አንዱ ስለ እንቅልፍ ማጣቱ ጥቂት ሲናገር የምክር ዝናብ ይወርድበታል። የሚናገረው ሰው ሁሉ ዓይኑ ወደ መሪዋ ነው፤ መልሱ በመሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጦ ሆን ብላ የከለከለቻቸው ይመስላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከወታደሮች ጋር የሠራው እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ዊልፍሬድ ባዮን ይህንን ጠባይ በሚገባ ገልጾታል፤ ቡድኑ የተሰበሰበው ሁሉን የሚያውቅ አንድ መሪ እንዲንከባከበው ብቻ እንደሆነ ያህል ይኖራል።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልውሰዳችሁ፤ ነባር ተመልካቾች ምን እንደምል አስቀድመው ያውቃሉ። ምሳሌዬ ጠላ ነው። መጠጥ ለማቆም የተሰበሰበ ቡድን የምትመሩ ባለሙያዎች ይህንን ክፍል ለታካሚዎቻችሁ እንዳታሳዩብኝ አደራ።

እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ከሁሉ አስቀድመው ጋኑን ያዘጋጃሉ፤ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ባልታጠነ ጋን የተጠመቀ ጠላ ምን ምን እንደሚል የቀመሰ ያውቀዋል። ቡድንም እንዲሁ ነው፤ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት መሪው እያንዳንዱን ሰው ለብቻው አነጋግሮ ምን እንደሚጠብቀው ሊነግረው፣ ምሥጢር ስለ መጠበቅም ሊያስማማው ይገባል። ይህ ዝግጅት የተዘለለበት ቡድን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰው ይቀርበታል።

ቀጥሎ ጌሾውና ብቅሉ በውኃ ይጠነሰሳል። በዚህ ጊዜ ክዳኑን ከፍታችሁ ብትመለከቱ የምታዩት ውኃና ቅጠል ነው፤ እርስ በርሱ ገና አልተዋወቀም። ቂጣው ወይም እንኩሮው ተጨምሮበት ሲደፈደፍ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ይፈላል፣ ያጉረመርማል፣ አረፋው ወደ ላይ ይገፋል። ጠላ ጠምቃ የማታውቅ ልጅ ብታየው ተበላሸ ብላ ትጮኻለች። እናቷ ግን ጆሮዋን ወደ ጋኑ ታስጠጋና ድምፁን ስትሰማ ረክታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እናትየዋ የምትጨነቀው ጋኑ ዝም ያለ እንደሆነ ነው። ደግሜ ልበለው፤ የምትጨነቀው ጋኑ ዝም ያለ እንደሆነ ነው። በቡድን ውስጥ ጭቅጭቅ ሲነሣም ነገሩ እንዲሁ ነው።

ደግሞም የቀኑ ጉዳይ አለ። እኛ እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆነን፣ ድፍድፉ አልነሣ ሲለን ጋኑን በጨርቅ ጠቅልለን ወደ ምድጃው እናስጠጋዋለን። ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ተሻግራችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ግን ያው ጌሾና ያው ብቅል በቆላው ሙቀት ፈጥኖ ይደርሳል። ስለዚህ ባልትና ያላት ሴት ቀን ቆጥራ አትወስንም፤ ታያለች፣ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች። የቡድን መሪም «አምስተኛ ሳምንታችን ስለሆነ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደርሰናል» የሚል ከሆነ፣ እያነበበ ያለው ቀን መቁጠሪያውን እንጂ ሰዎቹን አይደለም።

ወደ ንድፈ ሐሳቡ እንምጣ፤ አብዛኞቻችሁ በሥልጠና ላይ ስለሰማችሁት በፍጥነት አልፈዋለሁ። ብሩስ ተክማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 በትናንሽ ቡድኖች ላይ የተጻፉ 50 ጽሑፎችን አገላብጦ፣ ቡድኖች በአራት ደረጃዎች ያልፋሉ አለ፤ መሰባሰብ፣ መጋጨት፣ ደንብ ማበጀት፣ መሥራት። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ከሜሪ አን ጄንሰን ጋር ሆኖ መለያየትን አምስተኛ አድርጎ ጨመረ። በየመሥሪያ ቤቱ የሥልጠና አዳራሽ እንደ ደረጃ መወጣጫ ተሥሎ የምታዩት ይኸው ነው፤ እኔ በበኩሌ ያንን ሥዕል አልወደውም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ተክማን ካገላበጣቸው ጽሑፎች መካከል ትልቁን ድርሻ የያዙት የሕክምና ቡድኖችን የሚመለከቱት ነበሩ። ዛሬ ለሽያጭ ሠራተኞችና ለፕሮጀክት አስተባባሪዎች የሚሰጠው ትምህርት መነሻው በአብዛኛው ታካሚዎች የተቀመጡበት ክብ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ ያነሣችሁትን ጥያቄ ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። «የታመሙ ሰዎችን ሰብስቦ ማጋጨት ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ጸብ ከተነሣ ሽማግሌ ገብቶ ማስታረቅ አለበት እንጂ፤ መሪው ችሎታ ቢኖረውማ መቼ ይጣሉ ነበር!» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ይህንን ከበድ ባለ ቃል ስለነገራችሁኝ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ሽምግልናን እኔም አከብራለሁ። በሰሜን ሸዋ በወሰንም፣ በከብትም፣ በትዳርም የተነሣ ጸብ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የፈቱ ሽማግሌዎች ባይኖሩ ኖሮ ስንቱ ደም ይፋሰስ እንደነበር እናውቃለን። ነገር ግን ሽማግሌ የሚገባበት ጸብ ጉዳይ አለው፤ ወሰኑ ይለካል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ሰዎቹ ይቅር ተባብለው ወደ ኑሯቸው ይመለሳሉ። በሕክምና ቡድን ውስጥ የሚነሣው ግጭት ግን ብዙ ጊዜ ከተናገሩት ጉዳይ በታች ሌላ ጉዳይ አለው።

ወደ ቡድናችን እንመለስና ባለሱቋ መምህርቷን «አንቺ ለሁላችንም ምክር ትሰጪያለሽ፤ የራስሽን ግን አንድም ቀን አልነገርሽንም» አለቻት እንበል። መምህርቷ ፊቷ ተለወጠ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። አዛውንቱ ብድግ ብለው «ተዉ ልጆቼ፣ ስለ እኔ ስትሉ ይቅር ተባባሉ» ቢሉ፣ ሁለቱ ሴቶች ተሳስመው ይቀመጣሉ፤ እኛም ደስ ይለናል። ሆኖም የመምህርቷ በምክር ጀርባ የመሸሸግ ልማድ፣ ምናልባትም በቤቷም በሥራዋም ብቸኛ ያደረጋት ልማድ፣ ሳይታይ አለፈ። ስለዚህ መሪዋ ለማስታረቅ አትቸኩልም። መምህርቷን «ይህንን ስትሰሚ ምን ተሰማሽ?» ትላታለች፤ ባለሱቋን «እስከ ዛሬ ሳትናገሪ የቆየሽው ለምንድን ነው?» ትላታለች፤ ቀጥላም ወደ አዛውንቱ ዞራ «ጋሼ፣ ሁለቱ ሲነጋገሩ እርስዎ ውስጥ ምን ሆነ?» ብላ ትጠይቃቸዋለች። ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ሲያስታርቁ ኖረው የራሳቸውን ቁጣ ለማንም ተናግረው የማያውቁ ሰው ሊሆኑ ይችላሉና፣ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ለእርሳቸው የቀረበው ነው።

ኧርቪን ያሎም የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ደግሞ በዚህ ወቅት የሚነሣው ቁጣ ብዙውን ጊዜ በመሪው ላይ መሆኑን ያስረዳል። ታድነናለች ተብላ የተጠበቀችው መሪ ተአምር እንደሌላት ሲታወቅ ቅሬታ ይፈጠራል፤ ለእርሷ መናገር ሲያስፈራ ደግሞ ቅሬታው ደካማ በሚመስለው አባል ላይ ይወርዳል። ሁሉም በአንድ ሰው ላይ ሲነሡ ያየች ጎበዝ መሪ «እኔስ አላሳዘንኋችሁም?» ብላ ቁጣውን ወደ ራሷ ትጠራለች። ስድብና ዛቻ ሲመጣ ግን ያለ አንዳች ማመንታት ማስቆም ግዴታዋ ነው፤ ግጭትን መፍቀድ ማለት ሰው ሲጎዳ ዝም ብሎ ማየት ማለት አይደለም። ጥያቄው ተመልሷል ብዬ አምናለሁ፤ ካልተመለሰም በጨዋ ቃል ጻፉልኝ።

ከዚህ በኋላ ቡድኑ መቀራረብ ይጀምራል። መሪዋ ሳትነግራቸው የራሳቸውን ደንብ ያበጃሉ፤ አንዱ ሲያለቅስ ቶሎ «አይዞህ» ብለው አፉን አይዘጉትም፤ ወጣቱ ቢቀር የት ሄደ ብለው ይጨነቃሉ። ይህ ወቅት ደስ የሚል በመሆኑ ወጥመድም አለበት፤ «እኛ እኮ ቤተሰብ ሆነናል» እየተባባሉ ማንም ማንንም የማይቃወምበት ሰላም ይሰፍናል። እኔ ከጭቅጭቁ ይልቅ የምፈራው ይህንን ሰላም ነው። ከእርሱ ተሻግረው፣ እየተዋደዱ መቃወም ሲችሉ ነው ዋናው ሥራ የሚሠራው፤ ንግግሩም በአብዛኛው በመሪዋ በኩል ሳይሆን ከአባል ወደ አባል ይሆናል።

የደረጃ መወጣጫውን ሥዕል የምጠላበት ምክንያት እነሆ። ቡድን ወደ ኋላ ይመለሳል። ክፍት በሆነ ቡድን ውስጥ አንድ አዲስ ሰው ሲገባ፣ ያ ሁሉ የተቀራረበ ሰው እንደገና በጨዋነት «ይቅደሙ» መባባል ይጀምራል፤ መሪው ለረጅም ጊዜ ሲቀር ወይም አንድ አባል ሳይሰናበት ሲጠፋም የቆየው ጭቅጭቅ ይቀሰቀሳል። ይህ ውድቀት አይደለም፤ ቡድኑ ያንኑ ጉዳይ በሌላ ዕድሜ እንደገና እየሠራው ነው። አባላቱ የሚለዋወጡበት ክፍት ቡድን ደረጃዎቹን በተራ አልፎ እንዲጨርስ መጠበቅም ከንቱ ነው።

ስንብቱ ይቀራል። ተክማን መለያየትን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው ብያችኋለሁ፤ ቦስተን ውስጥ ከልጆች ቡድኖች ጋር የሠሩት ጋርላንድ፣ ጆንስና ኮሎድኒ የተባሉ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፋቸው አስቀድመው ከአምስት ደረጃዎቻቸው የመጨረሻው አድርገውት ነበር። የተመለከቱትም ድንቅ ነው፤ ማብቂያው እንደቀረበ ሲነገራቸው አንዳንዶቹ «መቼ ነገራችሁን?» ብለው ይክዳሉ፤ አንዳንዶቹ እንደ መጀመሪያው ሰሞን ይሆናሉ፤ አንዳንዶቹም ከመለያየት በፊት ራሳቸው ይቀራሉ። የእኛዎቹ አዛውንት ሁለት ስብሰባ ሲቀር «ከብቶቼ ታመውብኛል» ብለው ቢጠፉ፣ መሪዋ ከብቶቹን ብቻ ማሰብ የለባትም።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ መንገድ አለ፤ «ለምን የጽዋ ማኅበር አናቋቁምም?» የሚል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ከስንብቱ ኀዘን ማምለጫም ሊሆን ይችላል። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ 30 መንደሮችን ያካተተ፣ በቡድን ሕክምና ላይ የተደረገ፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ነበር፤ ለ16 ሳምንታት በየሳምንቱ የተገናኙት ታካሚዎች ድብርታቸው ሕክምናውን ካላገኙት ይልቅ እጅግ ቀንሶ ተገኝቷል። መደበኛው ሕክምና ካበቃ በኋላም ብዙዎቹ ቡድኖች በራሳቸው ፈቃድ መገናኘታቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ ማኅበር መመሥረቱን አልቃወምም። ብቻ የመጨረሻው ስብሰባ የመጨረሻ ይሁን፤ የሚያለቅስ ያልቅስ፣ ያላመሰገነ ያመስግን፣ የተቀየመ ይናገር። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቤት ይጀመር፤ መሪዋንም የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ፣ አድርጋችሁ እንዳትመርጡ።