የአያ ጀሪካን
(በአርባው ቀን ጎንደር ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የእድራችን ሰዎች፣ የማርያም ማኅበርተኞቼ፣ እታለም፣ ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የአያን የሕይወት ታሪክ አንብብ ተብዬ ነው የቆምኩት። ወረቀቱ ይኸው። ልጆቹ አሳምረው ጽፈውታል። የት እንደተወለደ፣ መቼ በተክሊል እንዳገባ፣ ሁሉም አለ። ግን ግማሻችሁ ሠርጉን በልታችኋል። የቀራችሁት ዩኒፎርማችሁን የሰፋላችሁ እሱ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ልጆች፣ ይቅር በሉኝ።

ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ድንኳን ውስጥ አንድ ወሬ ስሰማ ዋልኩ። «ጻድቅ ነበር፤ ኪዳን አያመልጠውም፤ ጾም አይሽርም።» እውነት ነው። ከኪዳን ሲመለስ ምን ይሠራ እንደነበር ግን ማንም አላነሳም።

እኔ ላንሳው። እታለም ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ስድስት ዓመት ሆነ። የሰፈራችን ቧንቧ ደግሞ በአስራ አምስት ቀን አንዴ ከመጣ ተመስገን ነው። አያ ከቤተ ክርስቲያን ይመጣል፣ ነጠላውን አጣጥፎ ያስቀምጣል፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ቦኖ ይወርዳል። የአንደኛው ክዳን ጠፍቷል። የበቆሎ ቆረቆንዳ በፌስታል ጠቅልሎ ይወትፈዋል። ከዚያ ከሴቶቹ መሐል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ወረፋውን ይጠብቃል።

«ወንድ ልጅ ውሃ ይቀዳል እንዴ?» ያልነው እኛ ነን። «የሚስቱ ገረድ» ያልነው እኛው ነን። ማን አለ እንዳትሉኝ፤ አንዱ እኔ ነኝ። በማኅበር ቀን፣ ጽዋው እየዞረ ነው ያልኩት። ሰማኝ። ሳቀና «ነገ ሌሊት ና፣ አንዷን ትይዝልኛለህ» አለኝ። አልሄድኩም።

የከተራውን ነገር ደግሞ ሳልናገር ከዚህ አልወርድም። በታመመች በሁለተኛው ዓመት ነው፣ ጥር 10። ታቦቶቹ ሊወርዱ ነው። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከቀሃ ወንዝ በተመራ ውሃ ሞልቶ ይጠብቃል። የእኛ ቧንቧ እንደሆነ ያን ሰሞንም ጠብ አላለም፤ እሱን ለሚመለከተው ሌላ ቀን እነግረዋለሁ። እታለም «ታቦት ሳላይ ልሙት?» ብላ አለቀሰች። ባጃጅ እንዳይጠራ መንገዱ ለበዓሉ ተዘግቷል። አያ የአገር ልብሷን አለበሳት። ከዚያ አዘላት። በጋቢ አስሮ፣ እንደ ሕፃን። ከሰፈራችን እስከ አስፋልቱ ያለውን ዳገት ታውቁታላችሁ።

እኔ ነጭ በነጭ ለብሼ ከማኅበሩ ጋር ቆሜያለሁ። አስፋልቱ ዳር አየሁት። ላቡ በጢሙ ላይ ይንጠባጠባል። እሷ በትከሻው ላይ አንገቷን አስግጋ እልል ትላለች። አፏ ስለተጣመመ እልልታዋ ግማሽ ነው። ጎረምሶች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጿቸዋል፣ ይሳሳቃሉ። እኔስ? ፊቴን አዞርኩ። ከእሱ ጋር መታየት አፈርኩ። እዚያው፣ ታቦት ፊት ቆሜ!

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖቱን ክዷል ይላል። ለማን የጻፈው ይመስላችኋል? ጾሙን ጾመን፣ ቅዳሴውን አስቀድሰን፣ ቤት ስንገባ «እዚህ ቤት የእጅ ውሃ የለም እንዴ!» ብለን ለምንጮኸው ነው። አሁን አሜን የምትሉት፣ ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?

በ1880 ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የተረፈችውን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ታውቋታላችሁ። ጣሪያዋ ላይ የተሳሉት መላእክት ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው። አያ ልጆቹን እዚያ ወስዶ ወደ ላይ እያሳየ «አያችሁ፣ እጅ የላቸውም። እጅ የተሰጠው ለእኛ ነው» ይላቸው ነበር። ትልቁ ልጁ ነው ትናንት ማታ የነገረኝ።

ስለ ሥራው ብዙ አልልም። አራዳ ያለችውን ሲንጀሩን ያላየ የለም። አራት ልጅ ያሳደገባት መኪና ናት። የቀረውን ከወረቀቱ ታነቡታላችሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እታለም ዛሬም ውሃ ትፈልጋለች። ሁለቱ ልጆች ነገ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ፤ ሦስተኛውም ሥራው ሩቅ ነው። ይህን አርባ ቀን ስትቀዳ የከረመችው ትንሿ ናት። እሷም ፈተና ደርሶባታል። እኛ ለተዝካሩ በሬ ጥለናል፣ ጠላ ጠምቀናል። አንድ ጀሪካን ያቀበላት ግን የለም።

የእድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ይዞ በሩ ላይ ተቀምጧል። ዛሬ የሚጽፈው የወንድ ስም ብቻ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ቀን። ቦኖው ሌሊት 11 ሰዓት ይከፈታል። ማክሰኞን እኔ ይዣለሁ። ባለ ቆረቆንዳዋንም ጀሪካን ለእኔ ተዉልኝ።