ሙሾ ያልወጣለት ልጅነት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ዜማ ድርሰት ላወራችሁ ነው። በልጅነቱ የተጎዳ ሰው ለምን ዜማ ይደርሳል፣ ደርሶስ ምን ያገኛል? ብዙ ጊዜ ሳስበው የቆየሁት ጉዳይ ነው።

እኛ አገር ሰው ሲሞት ሐዘኑ ሥርዓት አለው። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች። የሟቹን ስም እየጠራች፣ ማንን ጥሎ እንደሄደ እየተናገረች ታስለቅሳለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላታል። ሐዘንተኛው ብቻውን አይቀርም። በገዛ ቤቱ እየፈራ ላደገ ልጅ ግን ለቅሶ የሚደርሰው የለም። እንዲያውም «ገመናህን ሸፍን» ነው የሚባለው። እኔ ክራር ይዤ የተቀመጥኩት ለዚያ ልጅ የሚያለቅስለት ሰው ስላልነበረ ነው።

አባቴ ይጠጣ ነበር። ማታ የቆርቆሮ በራችን ሲከፈት ከድምፁ ብቻ ጠጥቶ ይሁን በደህናው አውቅ ነበር። መቀርቀሪያው አንዴ ቀጭ ካለ፣ ሰላም ነው፣ እተኛለሁ። አልገባ ብሎ ከተንቋቋ፣ ቆርቆሮው ከተላተመ፣ ከዚያ ደግሞ ጸጥ ካለ... ያ ጸጥታ ነበር የሚያስፈራኝ። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ኮቴውን እቆጥራለሁ። ዛሬ ሰዎች «ጆሮህ እኮ ይገርማል» ሲሉኝ ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ።

ስለዚያ በር የደረስኩትን ዜማ ስጀምር በትዝታ ቅኝት ሞከርኩት፣ ግን አልሆነም። ትዝታ ናፍቆት አለበት፤ እኔ ደግሞ ያንን በር አልናፍቀውም። አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ግን ገባልኝ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው፣ የሦስተኛውና የአራተኛው ድምፅ እየተጠጋጉ፣ በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ጆሮ ማረፊያ አያገኝም። እዚያ ላይ የመቀርቀሪያውን ምት አስገባሁት፤ ሁለት አጭር፣ ዝምታ፣ ከዚያ ኮቴው። መጀመሪያ ስጫወተው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደጋግሜ ስሠራው ኮቴውን ቀስ አደረግኩት። ዝምታውን አስረዘምኩት፣ ሌላ ቀን አሳጠርኩት። እና ታውቃላችሁ፣ የዳንኩት፣ ዳንኩ ማለት ከተቻለ፣ እንባዬ ስለወጣ አይመስለኝም። ልጅ እያለሁ በሩ መቼ እንደሚከፈት የምወስነው እኔ አልነበርኩም። ክራሩ ላይ ግን መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ መቼ እንደሚያበቃ የምወስነው እኔ ነኝ። ለኔ መፈወሱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

መነኩሲቷን የፒያኖ ደራሲ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ስሰማም ይሄው ነው የሚሰማኝ። እማሆይ በስድስት ዓመታቸው ከአዲስ አበባ ስዊዘርላንድ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር ጣሊያን ወዳለችው አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ከቤተሰባቸውም የተገደሉ አሉ። ኋላ ግሸን ማርያም ገዳም ገብተው ለዓመታት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢው ለወላጅ አልባ ልጆች ነበር። ቁስላቸውን ለማከም ነው የደረሱት ብዬ አልናገርላቸውም። ግን ፒያኖአቸውን አድምጡት፤ ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ድንገት ይሮጣል፣ ማንም አያጣድፈውም። እዚያ ፒያኖ ላይ ጊዜው የራሳቸው ነው። ያን ሁሉ ያየች ልጅ እንደዚህ ጊዜዋን ይዛ ስትጫወት መስማት፣ በእውነት ያጽናናኛል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ በተለይ ብቻችሁን ክፍል ዘግታችሁ ለምትሠሩ። ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ከመጣ መሣሪያውን አስቀምጡት። ውጡ፣ ሰው ፈልጉ። እኔ ይሄን ዜማ የጨረስኩት ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር እየተነጋገርኩ ነው። ክራር ያዳምጣል እንጂ አይመልስም።

ዜማው ግጥም የለውም። ይሄን ክፍል ከመቅረጼ በፊት እናቴን አስፈቅጄአት ነበር፤ «የኔን ተወውና ያንተን ተናገር» አለችኝ። ግጥም ከገባ የእሷም ታሪክ ይገባል፣ እሱን ደግሞ መናገር ያለባት እሷ ናት፣ ከፈለገች። ስለዚህ በክራር ብቻ ነው የቀረጽኩት። ሙሉውን በሚቀጥለው ክፍል አሰማችኋለሁ፤ እስከዚያ ቸር ሰንብቱ።