መቶኛውን ተዉትና ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ ጠይቁ

ያለፈው ቅዳሜ በፕሮግራማችን ላይ ስልኩ እረፍት አልሰጠንም። አብዛኛው ደዋይ ከከተማው ዳር ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ። ጥያቄው ሁሉ የሚዞረው አፊሊየት ላይ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ የኦንላይን ድለላ ማለት ነው። የሰው ዕቃ ታስተዋውቃለህ፣ በአንተ ሊንክ ገብቶ የገዛ ሰው ካለ ኮሚሽን ታገኛለህ። በአየር ላይ የመለስኩትንም ሰዓት አልቆ ያቋረጥኩትንም እዚህ አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

ከኮዬ ፈጬ፦ «ጋሼ፣ ስለ ስልክ የማወራበት የቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ 4,000 ሰው አለው። አንዱ ገበያ እስከ 75 በመቶ ይከፍላል አሉኝ፣ አማዞን ደግሞ 3 እና 4 በመቶ። የቱን ልያዝ?»

መቶኛውን ለጊዜው እርሳው ወንድሜ። 75 በመቶ የምትሰማው እንደ ክሊክባንክ ባሉ ገበያዎች የሚሸጡ ዲጂታል ነገሮች ላይ ነው። የክብደት መቀነሻ ኮርስ፣ ከኢንተርኔት የሚወርድ መጽሐፍ፣ እንዲህ ያለ ነገር። አንዴ ከተሠራ በኋላ ሻጩ ሌላ ወጪ የለበትም፣ ስለዚህ ሦስት አራተኛውን ቢሰጥህም አይጎዳም። ግን እዚያ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 60 ቀን ድረስ ገንዘቤን መልሱልኝ ማለት ይችላል። ከተመለሰለት ያንተም ኮሚሽን አብሮ ሄደ።

ከዚያ በፊት ግን እነዚያ 4,000 ሰዎች እነማን ናቸው? ኮዬ፣ ጀሞ፣ ሀዋሳ ያሉ ልጆች ከሆኑ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ያለው ስንቱ ነው? ሊንክህን ይነካሉ፣ ስልኩን አይተው «አሪፍ ነው» ይላሉ፣ ከዚያ መርካቶ ወርደው ይገዛሉ። አንተ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። አንተን ብሆን ከአንድ የታመነ የስልክ ሱቅ ጋር እነጋገር ነበር፤ ኮድ አውጥቼ «ይህን ኮድ ጠርቶ የገዛ ሰው በመጣ ቁጥር ይህን ያህል ብር በቴሌብር ላክልኝ» እለው ነበር። ያው አፊሊየት ነው፣ ዶላሩ ብቻ ነው የሌለው። በየሳምንቱ ተሳሰቡ፣ በደብተርም ይያዝ። አለበለዚያ በሦስተኛው ወር ትጣላላችሁ።

ከለገጣፎ፦ «እንጀራ ስጋግር፣ ወጥ ስሠራ ልጄ እየቀረጸች ቲክቶክ ላይ ትለቀዋለች። ተከታዮቻችን አብዛኞቹ አሜሪካና ካናዳ ናቸው። ከዚህ ገንዘብ ይወጣል ወይ?»

እናቴ፣ ቅዳሜ ከደወሉት ሁሉ እርስዎ የተሻለ ቦታ ላይ ነዎት። የሚያይዎት ሰው ካርድ አለው፣ ዕቃውም ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። አሜሪካ ያሉ ብዙ የኛ ሰዎች እንጀራ የሚጋግሩበት ሰፊ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። መጀመሪያ የተሠራው ለእንጀራ ሳይሆን ኖርዌጆች «ለፍሰ» ለሚሉት ስስ ቂጣ ነው። ልጅዎ በየቪዲዮው ሥር «እዚህ በምን እንጋግር?» የሚለውን ጥያቄ ስታይ፣ መልሱ አንድ ሊንክ ነው።

ሂሳቡን ግን ይወቁት። አማዞን ለወጥ ቤት ዕቃ የሚከፍለው 4.5 በመቶ አካባቢ ነው። የ100 ዶላር ዕቃ ከተሸጠ 4 ዶላር ተኩል ማለት ነው። ይህንንም ሲፈልግ ይቀንሰዋል። በ2020 በፈረንጆቹ ሚያዝያ እንደ ሶፋ ያለውን የቤት ዕቃ ከ8 ወደ 3 በመቶ አውርዶት ብዙ ሰው አልቅሷል። ሊንኩ የሚሠራውም አንድ ሰው ከነካው በኋላ ለ24 ሰዓት ነው። ሰውየው በዚያ ጊዜ ውስጥ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ካስገባው ግን ጊዜው ይረዝማል። ደግሞ የአሜሪካውና የካናዳው ፕሮግራም የተለያዩ ናቸው። በሁለቱም ተመዝግባ ካላገናኘቻቸው፣ ቶሮንቶ ያለችው ደንበኛዎ ከካናዳው ሱቅ ስትገዛ ለእርስዎ ምንም አይመጣም። ቪዲዮው ላይም «ከዚህ ሊንክ ኮሚሽን አገኛለሁ» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ የአሜሪካ ሕግም ይጠይቃል፣ አማዞንም ይጠይቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አማዞን ባንክ ውስጥ በቀጥታ የሚያስገባው ለተወሰኑ አገሮች ባንኮች ነው። ቀሪው ቼክ ወይም የስጦታ ካርድ ይሆናል። ቼኩ 100 ዶላር ሳይሞላ አይወጣም፣ ሲወጣም 15 ዶላር ይቆረጥበታል። ክፍያውም ወሩ ካለቀ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው የሚመጣው። እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ የውጭ ኩባንያ ስምንት ወር ሊንክ ለጠፍኩ። በመጨረሻ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ሰማያዊ ቼክ መጣ፣ ስሜ አንድ ፊደል ተሳስቶበት። የሄድኩበት ባንክ ልጅቷ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው፣ ገለበጠችው፣ «ይህን አንቀበልም» ብላ መለሰችልኝ። ቼኩ ዛሬም ቁምሳጥኔ ውስጥ ከልጆቹ ካርኒ ጋር አለ። ስለዚህ ልጅዎ ከመመዝገቧ በፊት የክፍያ መንገዶቹን ገጽ ከፍታ ታንብብ፣ ከዚያ ባንካችሁ ሄዳችሁ «በዚህ መንገድ የመጣ ዶላር ትቀበላላችሁ? በስሜ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ትከፍታላችሁ?» በሉ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህን መጠየቅ እንደ ድሮው አያሳፍርም። ቪዲዮ መቅረጽ ከዚያ በኋላ።

ከሰበታ፦ «15,000 ብር ከፍዬ ተመዝግቤያለሁ። አሁን አንድ ሰው በግራ፣ አንድ ሰው በቀኝ አምጪ ይሉኛል። ይህም አፊሊየት ነው?»

አይደለም እህቴ። ደላላ ለመሆን ከፍሎ የሚገባ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እውነተኛ አፊሊየት መግቢያ አያስከፍልም፤ የሚከፍልሽም ዕቃ ሲሸጥ እንጂ ሰው ስታመጪ አይደለም። ግራና ቀኝ የሚባለው ፒራሚድ ነው፤ ከላይ ያለው የሚከፈለው ከሥሩ ከሚገባው ሰው ገንዘብ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ከልክሎታል። የከፈልሽበትን ደረሰኝና የተጻጻፋችሁትን አስቀምጪ፣ ለሚመለከተው አመልክቺ። እባክሽ ገንዘቤን ላስመልስ ብለሽ ደግሞ እህትሽን በቀኝ እንዳታስገቢያት።

ከቱሉ ዲምቱ፦ «ድረ ገጽ የግድ ነው?» የግድ አይደለም። ማኅበራዊ ገጽ የሚቀበሉ አሉ። ግን ገጹ በአንድ ነገር ላይ ያተኮረ ይሁን። ዛሬ ጫማ፣ ነገ ኳስ፣ ከነገ ወዲያ ጥቅስ የሚለጥፍ ገጽ ማንም አያምነውም።

እዚያው ቱሉ ዲምቱ፣ ሌላ ልጅ፦ «አማዞን በ180 ቀን ውስጥ 3 ሽያጭ ካላመጣህ ይዘጋሃል አሉኝ። ወንድሜ ዴንቨር ነው፣ በእኔ ሊንክ ሦስት ዕቃ ቢገዛልኝስ?»

እንዳታደርገው። ራስህ የገዛኸውም፣ ዘመድ ወይም ጓደኛ የገዛልህም አይቆጠርም፣ ከተነቃብህም አካውንትህ ይሄዳል። ወንድምህ እንዲጠቅምህ ከፈለግህ እንዲህ ብለህ ጠይቀው፦ እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ ፈልጎ ያጣው፣ ተሳስቶ የገዛው፣ በኋላ «ይህን ባወቅሁ ኖሮ» ያለው ዕቃ ምን ነበር? አስር ያህል ይነግርሃል። እሱን ይዘህ ጻፍ።